በኮልፌ ቀራኒዮ የሚቆረጥ ሪባን እንዳለፈ ተማሪ እንዲቆጠር የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ! የከተማችን የአዲስ አበባ ዓመታዊ በጀት በ2016 ዓ.ም. ከነበረበት 140 ቢሊዮን ብር በ2018 ዓ.ም. 350 ቢሊዮን በመድረሱ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ኩረጃ ሽሽት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከገባበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለሪፖርት የማይመች ቁጥር በማምጣቱ፤ በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተፈተኑት 845 ሺህ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ባለማሳለፋቸው፤ ብርንና ውጤትን ማስታረቅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ ማንም ሳይሾመን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቆረጥ ሪባን እንደ አንድ ያለፈ ተማሪ ይቆጠራል፤ ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ከሆነ እንደ አንድ ሙሉ ክፍል። ቤተ ሙከራው ተመርቆ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ያደረ እንደሆነ፣ ብልቃጥ ባለመሰበሩ ተጨማሪ ነጥብ ያሰጣል። ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ ተጣብቆ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ የተጋራ እንደሆነ «የቡድን ሥራ» ተብሎ ይመዘገባል። አዲስ ነገር አላመጣንም፤ የኖረውን ልማድ ሕጋዊ አደረግን እንጂ። በምረቃው ንግግር ወጪው በብር፣ ሕንፃው በፎቅ ይነገራል፤ 9ኛ ክፍል ገብቶ 12ኛን ያልጨረሰው ልጅ ግን አይነሳም።

አንቀጽ 2፦ «ምገባውስ?» የሚል ቢነሳ፣ እውነቱን ነው። የተማሪዎች ምገባና ነፃ ደብተር ለድሃ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ልጁን ክፍል ያደርሰዋል። ክፍል ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ ግን የመምህርና የመጽሐፍ ነው። «ውጤቱ እየተሻሻለ ነው» የሚልም አለ፦ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አልፏል። አላፊው ከ27 ሺህ ወደ 49 ሺህ ማደጉ ደግ ነው፤ ተፈታኙ ግን ከ845 ሺህ ወደ 586 ሺህ ወርዷል። ከፊሉ በአማራ ክልል ግጭት ከትምህርት ገበታ የራቀ ነው፤ ፐርሰንቱ ይህን አይናገርም። አዲስ አበባ ከአገሩ አማካይ ትሻላለች ማለትም ኮልፌን አያጽናናም፤ አስጠኚ የተቀጠረለትና ከፈረቃ ወጥቶ ጉሊት የሚጠብቀው በአንድ ቁና ተሰፍረዋልና። ለሁለቱ እኩል ብር መመደብ ፍትሕ የሚመስለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ብርማ ውጤት አያመጣም» የሚለው ነው። ምስክሩ የአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ናት፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለትምህርት ቤቶቿ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈሰሰ፣ የኦሊምፒክ ልክ ያለው መዋኛ ሳይቀር ተሠራ፣ የተማሪው ውጤት ግን ፈቀቅ አላለም። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጃክሰን፣ ጆንሰንና ፐርሲኮ በዚያው በአሜሪካ ላይ ያሳተሙት ጥናት ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ለ12 ዓመታት በ10 በመቶ ሲጨምር በተለይ የድሃ ልጆች ትምህርታቸውን ረዘም አድርገው እንደሚማሩ አሳይቷል። ብሩ ከዋለባቸው መካከል የመምህር ደመወዝና ለአንድ መምህር የሚደርሰውን ተማሪ ቁጥር መቀነስ ነበሩ። ብር መዋኛም ይሆናል፣ መምህርም ይሆናል፤ መራጩ ሰው ነው። የሪባን አዋጃችን ለመዋኛው ወገን ነው፤ አንክድም።

አንቀጽ 3፦ አዋጁ በኮልፌ ቀራኒዮ ሁሉ የጸና ነው። ሊሽረው የሚችለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ብቻ ነው፤ እሱም ስብሰባ ሲጠራ ሁለት ቁጥር እንዲለጠፍ ከጠየቀ፦ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል የገቡት ስንት ናቸው? ዘንድሮ 12ኛን ያለፉትስ? ወላጅ ሆይ፣ መልሱ ሳይለጠፍ ቃለ ጉባኤው ላይ አትፈርም።