ዕቅዴ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ

እንጀራዬ ዕቅድ ነው። ላስታ፣ ኩልመስክ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ ተብዬ ደመወዝ ይከፈለኛል። የዓመቱን ለሩብ ዓመት፣ የሩብ ዓመቱን ለወር፣ የወሩን ለሳምንት መሸንሸን አውቅበታለሁ። ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ሠልጥኛለሁ፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ሠልጥኛለሁ፣ ካይዘን ሲመጣማ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ሳይቀር አጽድቻለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። የማስተርስ መግቢያ ፈተና ወድቄ ለድጋሚው ያወጣሁት ዕቅድ በምን ዓይነት ባለሙያ እጅ እንደተሠራና ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

ፈተናውን ሰው ሁሉ «ጋት» ይለዋል። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ብሔራዊ የሆነው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለት ነው። ቋንቋን፣ ቁጥርንና አመክንዮን ይመዝናል፤ ዩኒቨርሲቲ ተኪዶ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ለእኛ የሚቀርበን የወልዲያው ነው። እኔ የምፈልገው ኤምቢኤ መማር ነው። ለነገሩ ምኞቴ ሲነሣ ከዚህም ከፍ ያለ ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት ጂማት የሚባለውን የውጭ አገር መግቢያ ፈተና ተፈትኜ አውሮፓ ልገባ ነው። ቀስ በቀስ ከአውሮፓ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ ከአዲስ አበባ ወልዲያ፤ አሁን በርቀት ቢሆንም አልጠላም።

ጂማትን ግን ሳልፈተነው በደንብ አጥንቼዋለሁ፤ ማለቴ ደንቡን። በ2016 መጀመሪያ ላይ የወጣው አዲሱ ጂማት 64 ጥያቄ አለው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ይደርሳል። ጂኦሜትሪ የሚባለውን አውጥተው ጥለውታል፤ ይህን ያነበብኩ ቀን ግማሹን ያለፍኩ ያህል ደስ ብሎኝ መጽሐፍ ሳልነካ አደርኩ። ከሁሉ የገረመኝ የድጋሚው ደንብ ነው። ውጤቱ ያልጣመው ሰው 16 ቀን ጠብቆ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ በ12 ወር ውስጥ ግን ከአምስት ጊዜ አያልፍም። አስራ ስድስት ቀን! እኔ በአስራ ስድስት ቀን የደብተሬን ሽፋን ቀለም እንኳ አልወስንም። ገደቡ የተሠራው ለሚጣደፉ ሰዎች ነው። እንደኔ ላለው ገደብ ማውጣት ሞኝነት ነው፤ ራሴን ገድቤ ተቀምጫለሁና።

እዚያው ጂማት ውስጥ አንድ የወደድኩት የጥያቄ ዓይነት አለ። ሁለት መረጃ ይሰጡህና መልሱ ስንት ነው አይሉህም፤ «መልሱን ለማግኘት ይህ መረጃ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ይሉሃል። እንዲህ ያለውን እችላለሁ። «አይበቃም» ማለት ከስንት ስብሰባ ያወጣኝ ቃል ነው።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። አንድ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዛሁ፣ ማስመሪያ ገዛሁ፣ ሦስት እስክሪብቶ ገዛሁ፤ ሰማያዊው ለሒሳብ፣ ቀዩ ለእንግሊዝኛ፣ አረንጓዴው ለአመክንዮ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት የሚል አስገባሁ። የላስታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው በሌሊቱ 10 ሰዓት ከጋቢ ውስጥ እጅ ማውጣት ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አይፈርድብኝም፤ እኔም በራሴ አልፈረድኩም። በስተቀኝ ጠርዝ «የታዩ ችግሮች» እና «የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚሉ ዓምዶች አሰመርኩ። ደብተሩ ውስጥ ሞልተው የተገኙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በዓላቱን ላስገባ ብዬ ተቀመጥኩ። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር ወሩ ተበጣጠሰ። ታኅሣሥን ጭራሽ ሰረዝኩት፤ በ29 ገናም ነው፣ የቅዱስ ላልይበላ ልደትም ነው፣ እንግዳውም መንገደኛውም ብዙ ነው፣ ማን ያጠናል? የአገሬ ገበሬ እነዚህን ቀናት የሚያከብረው ከልቡ ነው፤ ሞፈር አያነሣም። የእኔ አክባሪነት ግን ሒሳብ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ደመወዝ የሚወጣበት ቀን ሚካኤል ላይ ቢውል ከልክሎኝ አያውቅም። በሰባቱ ጾሞች ያልታየ መንፈሳዊነት በአልጀብራ ምክንያት ወረደብኝ።

በዓላቱ ሒሳቡም ውስጥ ገቡ። መለማመጃ መጽሐፉ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ስድስት ሠራተኞች አንድን ሥራ በ12 ቀን ከጨረሱ፣ አራት ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሱታል? ምርጫዎቹ 8፣ 16፣ 18 እና 24 ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስድስትን በ12 አባዝቶ ለአራት ያካፍልና 18 ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ የእርከን ሥራ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራው በ10 ቢጀመር በ12 ሚካኤል ነው፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፤ ከአራቱ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል፤ ገበያ ነው ብሎ የሚቀርም አይጠፋም። ግማሽ ገጽ ሙሉ አሰላሁና «ለእውነቱ የሚቀርበው 24 ነው» ብዬ አከበብኩ። መልሱን ከኋላ ገልጬ 18 ሲለኝ ከራሴ ይልቅ በደራሲው አዘንኩ። ላስታን አያውቅም።

ሰበብ ሲያልቅብኝ ደግሞ አገር ራሷ ሰጠችኝ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መንገድም እየተዘጋ ሲቆይ ሰው ሁሉ ተጨነቀ፤ ነጋዴው ገንዘብ ማስተላለፍ አቃተው፣ ውጭ ልጅ ያለው ድምፅ ራቀው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነውና እኔም ፊቴን አጥቁሬ «እንግዲህ ምን ይደረግ» አልኩ። ውስጤ ግን ቀለል ብሎት ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ከዚህ ሁሉ ኑዛዜ ውስጥ ከልቤ የማፍርበትም ይኸው ነው። ምክንያቱም በዚያው ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ወረቀቱን በሰው አስልኮ አዲስ አበባ ባለ ዘመዱ በኩል ተመዘገበ፣ መንገድ በተከፈተ ቀን ሄዶ ተፈተነ፣ አለፈ። ደብተር እንኳ አልነበረውም። በካርቶን ቁራጭ ላይ ሲያሰላ አይቼው «ያለ ዕቅድ የት ይደርሳል» ብዬ ነበር።

ዕቅድ መውደድ የእኔ ብቻ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አገሬ ከ1950 ጀምሮ የአምስት ዓመት ዕቅድ ስታወጣ ኖራለች። በደርግ ጊዜ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ነበራት፣ በ2003 የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጣ፣ አሁን ደግሞ ከ2013 እስከ 2022 የሚዘልቀው የአሥር ዓመቱ ላይ ነን። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ምን ይሁን?

የጥናቱን አፈጻጸም ሪፖርትም በሙያዬ ሠርቻለሁ። እስክሪብቶና ደብተር ማሟላት 100 በመቶ፤ የማንበቢያ መብራት መግዛት 100 በመቶ፤ ማንበብ 4 በመቶ። አማካይ አፈጻጸም 68 በመቶ፣ ደረጃ «ጥሩ»። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ፈተናው ላይ እንዲህ ያለ ቢመጣ የት በደረስኩ!

እናቴ ሪፖርት አታነብም። አንድ ማታ መብራቱን አብርቼ መሥመር ሳሰምር አየችኝና «ልጄ፣ ይኸ ነገር የሚነበብ ነው የሚሣል?» አለችኝ። የአራት ሩብ ዓመት ግምገማ ያላወጣውን ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣችው።

ጉድለቱ ይኸ ነው፦ ዕቅድ የማወጣው ለማጥናት ብዬ አይደለም፣ ላለማጥናት ነው። አጥንቼ ብወድቅ የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ የምሸሸግበት የለኝም። ሳላጠና ብወድቅ ግን የወደቀው ዕቅዱ ነው። ኩልመስክ ውስጥ እኔ የምታወቀው «ይኸ ልጅ ቢያጠና ኖሮ» በሚል ነው፤ በለቅሶ ቤትም በማኅበርም ሰው እንዲህ ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ ክብሩን እቀበላለሁ። አጥንቼ ይህን ስም ማጣት ከባድ ሆኖብኛል። «ቢያጠና ኖሮ» የምትለዋ ማዕረግ ከኤምቢኤ አታንስም፤ የምዝገባ ክፍያም የላትም።

ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ። ዕቅድ አላወጣሁም፤ መለማመጃ መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጬ ጀምሬያለሁ፣ ሰኞ መሆኑንም በዓል መሆኑንም ሳልጠይቅ። እስካሁን የሠራሁት ጥቂት ነው፤ ከመሣሪያ ግዢው ግን ይበልጣል። እናንተ ኩልመስክ የምታውቁኝ ሰዎች፣ እባካችሁ፦ ሱቅ ገብቼ ደብተርና ማስመሪያ ስጠይቅ ካያችሁኝ «አልቋል» በሉኝ።