የዶሮዋ ዋጋ

በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ዶሮ ዋጋዋ የሚወደደው ገበያ ላይ ሳይሆን እሁድ ከስብከት በኋላ ነው። ምእመኑ ከበኩራቱ በቆሎ፣ ቡና፣ እግሯ በገመድ የታሰረ ዶሮ ያመጣል፤ ጨረታው ይከፈታል። ገበያ ውስጥ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የሚከራከረው ነጋዴ ስሙ በማይክሮፎን ሲጠራ ዋጋውን ራሱ እጥፍ ያደርገዋል። አንዳንዱማ ገዝቶ መልሶ ይለግሳታል፤ ምስኪኗ በአንድ ጠዋት ሦስቴ ትሸጣለች።

አስራት ግን በፖስታ ታሽጎ ስለሚገባ አያስጨበጭብም።

ለጋሽ ገንዘቡ የሚውልበትን መምረጡ አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ የወለጋው ተወላጅ፣ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ቁስል ያክሙ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የአውሮፓ ለጋሾች ለልማት ኪሳቸውን ከፍተው ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ ደብዳቤው «የሰው ሥጋና ነፍስ አይነጣጠልም» የሚል ሙግት ይዞ ሄደ።

ዛሬ ፈረንጁ ሪፖርት የሚጻፍበትን ፕሮጀክት ይመርጣል፤ የአገሬው ባለጸጋ ደግሞ ከመንገድ የሚታይ ጣሪያ። የገጠሩ ወንጌላዊ ደሞዝ ሲነሳ ሁለቱም በአንድ አፍ፦ «እንጸልይበታለን!»