የወደቁ ኬኮች መልሶ ማቋቋሚያ አዋጅ

ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንት፣ የደራና የፎገራ ባለድግስ ሁሉ፣ ሊጥህን ከድነህ አድምጥ!

እኛ፣ በደብረ ታቦር ከተማ በድግስ ጓዳ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለን፣ የወንፊትና የማማሰያ ባለአደራዎች፤

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚሳሳ ውሃው በ91 ዲግሪ ግድም የሚፈላ፣ የኬክ ሊጥም ጉልበቱ ሳይጠና ኩፍ የሚል በመሆኑ፤ ኩፍ ያለውም ከእሳት ሲወጣ መሀሉ ጎድጉዶ እናቶችን በእንግዳ ፊት ሲያሳፍር የኖረ በመሆኑ፤ እንዲህ ያለውን ኬክ ፈርፍሮ፣ በክሬም ለውሶ፣ አድቦልቡሎ እንጨት ላይ የሚሰካና ቸኮሌት የሚያለብስ፣ ኬክ ፖፕ የሚሉት ብልሃት ከልጆቻችን ስልክ ወጥቶ ወደ ጓዳችን የዘለቀ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ከዛሬ ጀምሮ የወደቀ ኬክ ተጠርጣሪ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ በቤኪንግ ፓውደሩ ፓኬት ጀርባ የታተመው ልክ ነው፤ እሱ የተጻፈው ለቆላ ነው። ደገኛ ጋጋሪ ከተጻፈው ሩቡን ትቀንስ፣ ውሃውን ትንሽ ትጨምር፣ እሳቱንም ጠንከር ታድርግ። ይህን ሁሉ አድርጋም ከወደቀባት፣ ኬኩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅ። ትኩስ ኬክ የፈረፈረ ሰው ገንፎ እንዳገነፋ ተቆጥሮ በማንኪያ ይበላል።

አንቀጽ 2። ፍርፋሪው ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲለቀቅ የማይበተን ሲሆን ክሬም መጨመር ይቁም። ክሬም የበዛበት ኬክ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ እንኳ እንጨቱ ላይ አይቆይም፣ እየተንሸራተተ ይወርዳል። «በሞቴ፣ ትንሽ ጨምሪበት» የምትል አክስት ከጓዳ ወደ ሳሎን ትዛወራለች፤ ዝውውሩም እንደ ደረጃ ዕድገት ይቆጠርላታል።

አንቀጽ 3። ስለ ቸኮሌት። ከከተማችን አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው አፍስሰዋል፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. ገደል ለገደል ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው «ግማሽ ኪሎ ቸኮሌት ማቅለጥ አቃተኝ» ቢል አቤቱታው አይታይለትም። ብቻ እንደ መድፉ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ! ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሆኖ በሙቅ ውሃ እንፋሎት ይቅለጥ። አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት ይጓጉላል፤ ማግባባትም አይሰማም። የእንጨቱ ጫፍ አስቀድሞ ቸኮሌት ውስጥ ተነክሮ ይሰካ፣ ሙጫው እሱ ነውና። ኳሱ በረዶ፣ ቸኮሌቱ ፍም ሆነው አይገናኙ፤ ልብሱ ይሰነጠቃል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ማታ በመስኮት በኩል የጉና ተራራን ነፋስ በነጻ የመጠቀም መብት አለው።

አንቀጽ 4። ኬክ ፖፕን ድፎ ዳቦ ላይ ሰክቶ ማቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው። ድፎው ተባርኮ ሳይቆረስ ማንም አይወጋውም። ለማቆሚያ የአገራችን ድንች ለሁለት ተከፍሎ በተቆረጠበት በኩል ይደፋ።

አንቀጽ 5። ስለ ጾም (ይህ አንቀጽ ጸሐፊያችንን ሌሊቱን ሙሉ ሲያከራክር አድሯል)። የከተማችን ስም በዓል ደብረ ታቦር፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ በዓሉ ጾሙ መሀል ይወድቃል። በመሆኑም በቡሄ ድግስ ላይ የሚቀርብ ኬክ ፖፕ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት አይነካም፤ ኬኩ በዘይት ይጋገር፣ ፍርፋሪው በማርማላታ ይለወስ፣ ቸኮሌቱም ጥቁርና ወተት የሌለበት ይሁን፤ ነጩን ማንም አያምጣ። «እንጨት ላይ ስላለ አይቆጠርም» የሚል መከራከሪያ ቀርቦ ውድቅ ተደርጓል።

ሆያ ሆዬ እያሉ በር ለሚቆሙ ልጆች ግን ሙልሙል እንጂ ኬክ ፖፕ አይሰጥም። ልጆቹን ስለናቅን አይደለም። ሙልሙል ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ የነሐሴ ዝናብ መትቶት ቤት ሲገባ ያው ሙልሙል ነው፤ ኬክ ፖፕ እዚያ ከገባ ተመልሶ የወደቀ ኬክ ይሆናል። ይህ መሥሪያ ቤት አንድን ኬክ ሁለት ጊዜ የሚያቋቁምበት በጀት የለውም።

አንቀጽ 6። ኬክ ያልደረሰበት ቀበሌ በሶ ይጠቀም። የተቆላ የገብስ ዱቄት በማርና በቅቤ (በጾም በማርና በውሃ) ለውሶ፣ በእፍኝ ጨብጦ ለመንገደኛ ስንቅ መስጠት በጉና ግርጌ ከማንም ስልክ በፊት የነበረ ጥበብ ነው። የበሶ ጭብጦ እንጨት ከተሰካበት የኬክ ፖፕ ሙሉ መብትና ጥቅም ይከበርለታል። ቀምሶ «ይሄማ በሶ ነው!» ያለ እንግዳ ሁለተኛ እንዲበላ ይፈረድበታል።

አንቀጽ 7። በእንጨት ማጉረስ ክልክል ነው፤ ዓይን ያጠፋል። መጀመሪያ እንጨቱ ይነቀል፣ ከዚያ «እማማ፣ አንዴ ያፍዎን ይክፈቱ» ይባል። ለአንድ እንግዳ አንድ ብላ ያሰበች ባለድግስ ደግሞ ሒሳቧን ትከልስ፤ እዚህ አገር አንድ ጎርሶ የሚለቀቅ ሰው የለም።

አንቀጽ 8። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ይህ አዋጅ ከመታወጁ በፊት የወደቀ ኬካቸውን በነጠላ ሸፍነው በጓሮ በር ያስወጡ ሁሉ ምሕረት ተደርጎላቸዋል። ዶሮዎቹ የበሉት ግን አይመለስም፤ ጉዳዩ በእንቁላል ይካካሳል።