መስኮት ጠርቅሞ ክረምትን ማሳለፊያ መንገዶች

ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ መስኮቱን ይጠርቅሙ። ስንጥቁን በጨርቅ ይወትፉ፤ የኮንዶሚኒየሙ በር ከሥር ክፍተት ካለው አሮጌ ፎጣ ይጎዝጉዙበት። ንፋስ ጠላት ነው፤ ጭስ ግን የቤት ልጅ ነው።

ቀጥሎ ከሰል ያቀጣጥሉ። በረንዳ ላይ አራግበው፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ደም ሲመስል፣ ወደ መኝታ ቤት ያስገቡት። ጎረቤት ከሰጋ «ጨው ነስንሰንበታል» ይበሉት። አመድ ከለበሰማ ጭራሽ አያሳስብም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ እርስዎ ቤት አይገባም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል የሚሉት ሐኪሞች ናቸው፤ ሐኪም ብርድ ምን ያውቃል?

ራስዎን ሲያመዎት ሎሚ ያሽትቱ። ልጆቹን ካቅለሸለሻቸው የምሳው ሽሮ ነው። ጉልበትዎ ከከዳዎት በጊዜ ይተኙ፤ ፍሙን ግን አያውጡ፣ ከሰል ተወዷል።

ኧረ ሰውዬ! ደህና እደሩ ተባብለው ተኝተው፣ ጠዋት በር ተሰብሮ የሚገኙት ቤተሰቦች ወሬ በየክረምቱ አይሰማም እንዴ? ጨው ጋዙን አያጠፋም። አመድም አይከድነውም። የማይጨስ ፍም ነው ተኝተው ሳሉ የሚገድለው፣ ጭሱማ ቢያንስ ያስላል፣ ይቀሰቅሳል!

ወደ ምክራችን እንመለስ። አራስ ካለች ክፍሏን ደራርበው ይጋርዱ፤ ምድጃውን አልጋዋ ሥር፣ ዕጣኑን ራስጌዋ። ጨቅላው ሲያነጥስ «ይማርህ» ማለት ይበቃል። ጠያቂ በገባ ቁጥር ዕጣን ይጨመር፣ በሩም ቶሎ ይዘጋ።

ለቡናውም ዕጣን አይሰስቱ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ከሰው መተያየት ከቻለ ገና ነው። አስም ያለባት የእህትዎ ልጅ መሳል ከጀመረች «ዕጣን እኮ መድኃኒት ነው» ይበሏት፤ የሚነፋ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ ስታወጣ ደግሞ ለቶናው ሌላ እፍኝ ይጨምሩ። በረካ ሳይጠጣ መስኮት የሚከፍት እንግዳ ባለጌ ነው።

ኩሽናው የሴት ጉዳይ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም። እንጨቱ ቢረጥብ፣ ኩበቱ ቢጨስ፣ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ «ሽንኩርት ነው» ይበሉ። ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫ ማስበጀት ወጪ ነው። ዲሽ ግን ወጪ አይደለም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ቢሉዎት፣ እናትዎ በሦስት ጉልቻ ጋግረው እንዳሳደጉዎት ይንገሯቸው። የእናትዎን ሳል ግን አያንሱ።

የታዘለውስ ሕፃን? እሷ ወደ ምጣዱ ባጎነበሰች ቁጥር እሱም ያንኑ ጭስ ይስባል፤ እንዲህ ያለ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች የማጋለጥ ዕድሉን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል፤ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አንድ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ጣሪያ መብሳት ይህን ያህል ከበደዎት?

ሽንት ቤት ሲታጠብ በረኪናውን ከአሲዱ ጋር መቀላቀል አይርሱ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ንጽሕናው እስከ ጉሮሮ ይሰማዎታል።

ሲጋራ? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ስለዚህ ታግሠው ቤትዎ ይምጡና ልጆቹ መሃል ተቀምጠው ያጭሱ።

የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት ራሱን ካመመው፣ ደጅ ሲወጣ እየተሻለው ሲገባ ከባሰበት፣ ጉንፋን ነው ብለው... አይ፣ ይህንንስ አልልም። በሩንና መስኮቱን ይበርግዱት። የወደቀውን ጎትተው አየር ላይ ያውጡት። ወተትና ሎሚ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፤ የሚያስፈልገው ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።