ጎንበስ በሉ!

ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ከካዛንቺስ ተነስቶ ትራፊክ ሲያይ ወያላው ምን እንደሚል አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቃል፦ «ጎንበስ በሉ!» ኡራኤል ጋ ሲሆንማ ነገሩ ያምራል፤ ያጎነበሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን የተሳለመ ይመስላል። ትራፊኩ ያሳልፋል። ሞተሩ ግን አይሸወድም፤ ዳገት ላይ ማቃሰቱን አይተውም።

ይህን ጥበብ ወደ ስልካችን ላሻገሩልን ድረ ገጽ ሠሪዎች ምስጋና ይድረሳቸው። ደንበኛው «በሞባይል ሲከፈት ተጨናንቋል፤ ቀለል ይበል» ቢላቸው አይጨነቁም። የገጹን መልክ በሚወስነው የሲኤስኤስ ኮድ ውስጥ አንዲት መስመር ጣል ነው፤ «ዲስፕሌይ ነን»። ያ ግድግዳ የሚያክል የመግቢያ ፎቶ እልም! ደንበኛው ይደሰታል፤ ቀሪው ክፍያም ይለቀቃል።

ፎቶው ታዲያ መች ወረደና? ይቅርታ፣ ወርዷል፤ ስልኩ ላይ። ብሮውዘር የገጹን ኮድ ማንበብ ሲጀምር የፎቶ አድራሻ ካገኘ የሲኤስኤሱን ፋይል ሳይጠብቅ ለማምጣት ይሮጣል። «ደብቀው» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ተሳፋሪው ገብቶ ተቀምጧል። 2 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚንፏቀቅ መስመር ብቻውን 16 ሰከንድ ይበላል፤ ያውም ማንም ላያየው።

«ቪዚቢሊቲ ሂደን» የሚመርጡትማ ይበልጥ ደጎች ናቸው። ተሳፋሪውን ሰውረው ወንበሩንም ባዶውን ይጠብቁለታል።

እርግጥ የተደበቀው አጭር ጽሑፍ ወይም ሜኑ ከሆነ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም። በሲኤስኤስ የተቀመጠ የጀርባ ምስልንም፣ የያዘው ሳጥን ከነአቃፊው ከተደበቀ፣ አብዛኞቹ ብሮውዘሮች አያመጡትም። ኖርዌያዊው ሆኮን ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲኤስኤስን ሲያቀርቡ ያሰቡት ለገጽ መልክ ነበር፤ ክብደት የመቀነስ አደራ አልሰጡትም። ለዚያ «ፒክቸር» የሚባል ታግ አለ፤ ብሮውዘሩ ለስክሪኑ ልክ የሚሆነውን ፎቶ ብቻ መርጦ እንዲያወርድ ያደርጋል። አለዚያም ፎቶውን ከኮዱ መሰረዝ ነው። ግን ይህ ሁሉ ሥራ ነዋ! ደግሞስ ቢሮ ውስጥ፣ በዚያ ፈጣን ዋይፋይ፣ ገጹ መች ዘገየና?

ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ተማሪ ያንኑ ገጽ ከፍታ ነጭ ስክሪን ታያለች። ከገጹ ቀድሞ የሚደርሳት ጥቅሏ ማለቁን የሚያበስር አጭር መልእክት ነው፤ እሱን «ዲስፕሌይ ነን» ያለው የለም።