ሞተሩን ዝም ያሰኙልን፣ ክቡር ባለ ዉፈር

ክላሲክ የስፖርት መኪናዎ ውስጥ ዉፈር የሚሉትን ትልቅ ስፒከር ለማስገጠም ቆርጠው ለተነሡት ለእርስዎ ይህን የምጽፈው ከጁባ፣ ከአትላባራ ሰፈር ነው። የአትላባራ ነዋሪ ስለ ድምፅ ምክር ቢሰጥ ያምርበታል። እዚህ ጸጥታ አይባክንም። መብራት ሲሄድ የአንዱ ጀነሬተር ይነሣል፤ የእሱ ሲነሣ የጎረቤቱ ይከተላል፤ ጀነሬተሩን ለማሸነፍ ሆቴሉ ሙዚቃውን ይጨምራል፤ ሆቴሉን ለማሸነፍ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ባለ ሞተር ብስክሌት ታክሲ ጥሩምባውን ይጫናል። እኛ ሐበሾቹ መሃል ተቀምጠን ቡናችንን እየጠጣን፣ የምስጢር ወሬ ሳይቀር እየጮኽን እናወራለን። በእንዲህ ያለ ሰፈር የከረመ ሰው በነጻ ሲመክርዎ ይስሙት፤ ጆሮዎ ገና ካልሄደ።

ነገሩ የተነሣው ቡና ላይ ነው። አንዱ ወዳጃችን ከአዲስ አበባ የተላከለትን ቪዲዮ በስልኩ አሳየን። መኪናዋ ካርማን ጊያ ናት። ለማያውቋት፣ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ያመረታት፣ ከሥር የቮልስ ሻንሲ፣ ከላይ የጣሊያኑ ጊያ የነደፈው ገላ ያላት ውብ ናት። ገላዋን የሠራው ጀርመናዊው ካርማን ላሜራውን በየቁራጩ በይዶ፣ መገጣጠሚያውን በእጅ እያስሞረደ ነበር የሚያስተካክለው፤ ስፌቷ እንዳይታይ ብሎ ይህን ያህል ደክሟል። ቪዲዮው ላይ ያለው ባለሙያ ግን አልደከመም። በሩ ላይ በእስክሪብቶ ክብ አሰመረ፣ ግራይንደሩን አስነሣ፣ ብልጭታው ወንበሩ ላይ ተረጨ፣ ክቡ ላሜራ ቂው ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ባለቤቱ አጨበጨበ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሞኙ ራሱ ቆሞ ሲያጨበጭብ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ይቅርታ፣ ሞኝ አልኩ? ደፋር ለማለት ነው። የእሱን መንገድ ሊከተሉ የተነሡት የእርስዎም ድፍረት የሚታየው ያሉበትን ዘመን ሲያስቡት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ኪስ የሚያራቁት ነገር አደረገችው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሹኑ እንዳይገባ ከለከለች። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ሌላ እህት አይመጣላትም ማለት ነው። በሯ ቢበሳ ምትክ በር ከየት ይመጣል? ይህን ሁሉ እያወቁ ግራይንደር ማስነሣት የተራ ሰው ልብ አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ። ባለ ሱቁ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል አምፕሊፋየር ይሸጥልዎታል። 1000 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ83 አምፒር በላይ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ራሱ በሙቀት የሚያባክነውን ሲጨምሩበት ደግሞ ከ100 ያልፋል። መኪናዎ እንደዚያች ካርማን ጊያ ከሆነች ዲናሞዋ የሚያመነጨው 30 አምፒር ያህል ነው፤ 360 ዋት መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ ሁለቱ የፊት መብራቶች፣ ኮይሉና የዝናብ መጥረጊያው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። መኪናዎ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራች ባለ 6 ቮልት ከሆነች ደግሞ ጠቅላላው 180 ዋት ስለሆነ፣ ከባትሪው ይልቅ ጸሎት ይሞክሩ።

ባለሙያው ይህን አይነግርዎትም፤ ማታ ሲነዱ ራስዎ ያዩታል። ከበሮው ዱም ባለ ቁጥር የፊት መብራቱ ጭልም ይላል፤ ዱም፣ ጭልም፤ ዱም፣ ጭልም። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር አሳልፈኝ እያልከኝ ነው ብሎ ይገምታል። ይህን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ ሙዚቃ የሚታይበት መኪና ስንት ሰው አለው? ካልወደዱት መድኃኒት አለ። ዲናሞውን አውጥተው ዘመናዊ ይግጠሙ። ሁለተኛ ባትሪ ይጨምሩ። አውራ ጣት የሚያክል የመዳብ ገመድ ከኋላ እስከ ፊት ይዘርጉ። ላሜራው ከዉፈሩ ጋር መንቀጥቀጥ ሲጀምር በሬንጅና በአሉሚኒየም የተለበጠ ድምፅ ማፈኛ ውስጡን ሁሉ ይለጥፉበት። ያ ሲከብዳት ሞላውን ያጠንክሩ፤ ሞላው ሲጠነክር ፍሬኑን። የመጀመሪያዋ ካርማን ጊያ ከፋብሪካ ስትወጣ 30 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከሠላሳው ፈረስ ስንቱ ሰው እንደሚጎትት፣ ስንቱ ሙዚቃ እንደሚጎትት እርስዎ ይደልድሉት።

ቦታውን በተመለከተ ፈጣሪ ራሱ አስቦልዎታል። የቮልስ ዘር ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊት ኮፈኑ ሥር ባዶ ቦታ አለ። ልክ ነው፣ ትርፍ ጎማ አለበት፤ ጎማውን ያውጡት፣ ሙዚቃ ያለው ሰው ጎማ አይፈነዳበትም። ልክ ነው፣ የነዳጅ ታንከሩም እዚያው ነው። ቢሆንስ? ቤንዚን ጎን ብሎን የሚያላላ ንዝረት፣ ከዚያም ፊውዝ የሌለው ወፍራም ገመድ ሲጨመር ጉዞው ጣዕም ይኖረዋል።

አሁን ደግሞ የሳይንስን ክፋት ልንገርዎት። የሰው ጆሮ ቆንቋና ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማው ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ከ100 ዋት ወደ 1000 የተሻገሩበት ያ ሁሉ ብርና የተበሳ በር ለጆሮዎ እጥፍ ብቻ ነው። ያችኑ እጥፍም አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ከኋላ ይሻማል፤ ጣሪያው ተከፋች ከሆነ ደግሞ ንፋሱ ቀሪውን ይወስዳል። ስለዚህ 10,000 ዋት ያስፈልግዎታል። እኔ አትላባራ ጀነሬተር ተከራይቼ ልልክልዎ እችላለሁ፤ ተጎታች ላይ ይጫኑት።

እንደኔ እንደኔ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ ትተው ራክሻ ቢገዙ ይሻልዎታል። አዲስ አበባ ባጃጅ የምንላትን ባለ ሦስት እግር ጁባ ራክሻ ይላታል። የሙዚቃ ሳይንስ የተፈጸመው እዚህ ነው። በር የላትም፣ የሚበሳም የለም። መስኮት የላትም፣ ድምፅ የሚያፍንም የለም። ስፒከሩ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ፣ ከወገብ ትይዩ ይቀመጣል፤ ዘፈኑን በጆሮ ሳይሆን በኩላሊት ይሰሙታል። ዙሪያዋን ሰማያዊና ቀይ አምፖል ታስራለች። መውረጃዬ ደረሰ ብለው ቢጮኹ ሹፌሩ አይሰማም፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ ዞሮ ፈገግ ይላል፣ ወደዱት መሰለው፣ ይጨምራል። ሁለተኛው መታ መታ ላይ ሰፈሩን አልፈዋል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሹፌር አልስቅም። ሙዚቃው ታፔላው ነው። አንድ ዓይነት ራክሻዎች ተደርድረው ከቆሙበት መሃል ወጣቶቹ የሚመርጡት ዘፈን ያለበትን ነው፤ ስፒከሩ የቀን እንጀራውን ያመጣለታል። ማሽኑም ቢሆን ነገ የሚተካ ነው፣ ገላውን በእጅ የሞረደለት የለም። የእርስዎ ስፒከር ማንን ይጠራል? ጁባ ድረስ መጥተው ተሳፋሪ ሊጭኑ ካሰቡ ደግሞ እንኳን ደህና መጡ፤ የአትላባራ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በክረምት ለላንድክሩዘርም ይከብደዋል፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው የስፖርት መኪና ግን ቢያንስ ስትሰጥም ሙዚቃ አላት። በበጋውም ቢሆን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት አገር ነው፤ የአምፕሊፋየሩን ጤና እርስዎ ያስቡበት።

ክፉ አሳቢዎች ታሪክ እየጠቀሱ ሊያሳፍሩዎት ይሞክራሉ። «መኪና ውስጥ ሙዚቃ የቆየ ነው፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1930 ሞቶሮላን፣ ጀርመኖቹ በ1932 ብላውፑንክትን ገጥመው ሸጠዋል፤ የድሮ ቮልስ ዳሽቦርድ ላይም የስፒከር ወንፊት ከፋብሪካው አለ» ይላሉ። ከዚያ ይብስና፣ አንዳንዶቹ በዚያችው በድሮዋ ወንፊት ሥር አንዲት ትንሽ ስፒከር ደብቀው፣ ከወንበር ሥር ለብሎን እንኳ ሳይበሱ ሌላ አስቀምጠው፣ የፋብሪካውን ራዲዮ ፊት እንዳለ ትተው ይነዳሉ። ነገ ቢያወጡት መኪናዋ እንደነበረች ናት። ፈሪዎች! ቆመው ሲያዳምጡ ይሰማቸዋል፣ ሲነዱ ሞተራቸውን ይሰማሉ፣ ጎረቤታቸው ምን እንደሚያዳምጡ አያውቅም። ጎረቤት ካላወቀ ሙዚቃ ተሰማ ይባላል?

ጣሊያኖቹማ አያድርስ ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ኤፍ 40 የምትባለውን መኪና ሲያወጣ ራዲዮ አልገጠመላትም፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው የውስጥ በር መክፈቻውን ሳይቀር ገመድ አደረጉት። ሽማግሌው ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳለ ያጸደቃት የመጨረሻዋ መኪና ናት። ያን ያህል ብር ከፍሎ ሞተር ብቻ እያዳመጠ የሚነዳ ሰው መኖሩ ያሳዝናል። ምናለ እርስዎን ቢያማክሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ወዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፅ ስለሌላቸው እግረኛ እንዳይገጩ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ በስፒከር ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ አስገድዷል። አባርት የተባለው የጣሊያን ድርጅት ደግሞ ከዚህ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣት ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የቤንዚን ሞተሩን ጩኸት የሚያስመስል ስፒከር ከውጭ ገጠመላት። ሰዎቹ የድሮዋን መኪና የማርሚታ ድምፅ ቀድተው፣ አስመስለው፣ በስፒከር መልሰው ለመስማት ስንት ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። እርስዎ ዘንድ ዋናው ድምፅ አለ፣ ከነማርሚታው፣ በነጻ። እርስዎ ያንን ለመሸፈን ስፒከር ይገዛሉ። እነሱ ዝም ላለችው አፍ ይሠሩላታል፣ እርስዎ አፍ ያላትን አፏን ይይዟታል፤ ገበያው ለሁለታችሁም ስፒከር ይሸጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ መፍትሔው በየመንገዱ ይሽከረከራል። የቮልስዋገን ምልክት ግንባሩ ላይ ያለበት ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ሞልቷል። ባትሪው ወለሉን ያህላል፣ ሞተሩ ትንፍሽ አይልም፣ ስፒከሩ ከፋብሪካው በሩ ውስጥ ተሠርቶለታል። እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ የፈለጉትን ያህል ማስጮህ ይቻላል። ግን እዚያ ውስጥ የሚበሳ ነገር የለም፣ ለባለሙያውም ለእርስዎም ደስታው ይጠፋል።

አንድ ቀን መሸጥዎ አይቀርም። ያኔ ማስታወቂያው ላይ «ይዘቷን የጠበቀች፣ ኦርጅናል» ብለው ይጻፉ፤ ፎቶውን ከበሩ በተቃራኒ ያንሡት። ገዢው መጥቶ በሩን ሲከፍት የዘንባባ ቅጠል የሚያህል ጥቁር ወንፊት ያያል። ምንድን ነው ይህ ይልዎታል። አብሮ የመጣ ነው ይበሉት። ወንፊቱን በጥፍሩ ፈልቀቅ አድርጎ የላሜራውን የተሸራረፈ ጠርዝ፣ ዝገቱ ወደ ታች የወረደበትን መሥመር ሲያይና ዋጋውን በግማሽ ሲያወርደው፣ አይከራከሩ፤ ዉፈሩን ብቻ ነቅለው ያስቀሩ። ጁባ ይላኩልኝ። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የራክሻ ሹፌር አውቃለሁ፣ በደንብ ይከፍልዎታል።