የዓለም ጦርነት ከነጠርዙ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፤

  «ዘ ወርልድ አት ዋር የሚባለውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ገዝተህ ላክልኝ» ያሉኝ ጉዳይ «እሺ» ተብሎ የሚያልቅ መስሎዎት ከሆነ አያልቅም። እዚህ ለንደን ዕቃ መግዛት ቀላል ነው፤ የትኛውን እንደሚገዙ መወሰን ግን ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ያው አንዱ ፊልም በዲቪዲ አለ፣ በብሉሬይ አለ፣ የጥንቱ አለ፣ የታደሰው አለ፤ ሁሉም ታዲያ ሙሉው እኔ ነኝ ባይ ነው። ሙሉ የሚሉት የክፍሎቹን ብዛት ነው፤ ስለ ምስሉ ሙሉነት ትንፍሽ አይሉም። የእኔ አቋም አንድ ነው፦ ምስሉ ያልተቆረጠውን እንግዛ፤ ቢደበዝዝም፣ ቢወደድም።

ፊልሙን የሠራው ቴምዝ የተባለው የእንግሊዞች ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ሲሆን ያለቀው በ1974 ግንቦት ላይ ነው፤ 26 ክፍል አለው። አዘጋጁ ጄረሚ አይዛክስ፣ ተራኪው ዝነኛው ተዋናይ ላውረንስ ኦሊቪየር ናቸው። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን እርስዎም እንደሚያስታውሱት ወደ አራት ማዕዘኑ ያደላ ነበር፤ ስፋቱ አራት ቢሆን ቁመቱ ሦስት። የዛሬው ግን 16 በ9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊልሙን ለብሉሬይ ሲያድሱት ጭረቱንና ቆሻሻውን ጠራርገው፣ ድምፁን አጥርተው፣ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ሠሩና መጨረሻ ላይ ለአዲሱ ቴሌቪዥን እንዲመች ብለው ከላይና ከታች ቆረጡት። ሒሳቡን ይሥሩት፦ ከምስሉ ሩቡ ሄዷል። በስፋት ከተሰፈረ ከ26ቱ ክፍል ስድስት ተኩሉን እንደ መጣል ነው። የሠርግ ፎቶ ለፍሬሙ አልበቃ ቢል የሚዜዎቹን እግርና የሙሽራዋን አክሊል መቁረጥ ማለት ይኸው አይደል?

«እንዲሁ በጅምላ አልቆረጡትም፤ እያንዳንዱን ትዕይንት እያዩ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያመጣጠኑ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተጠንቅቀዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ከሆነ ግንባሩ ቢነካ ብዙም አይጎዳም። የጦር ሜዳው ምስል ግን ማስረጃ ነው። የፊልሙ ዋና የታሪክ አማካሪ የእንግሊዝ የጦርነት ሙዚየም ዳይሬክተር ኖብል ፍራንክላንድ ነበሩ፤ እኚህ ሰው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባሳየው ፊልም ውስጥ ለካሜራ ተብሎ የተተወነ ውጊያ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቀለ ብለው የተቃወሙ ናቸው። ለምስል ሐቀኝነት እንዲህ በሚሟገት ሰው እጅ ያለፈ ሥራ ከ36 ዓመት በኋላ ለሳሎን ዕቃ ልክ ሲባል ሲቀደድ ደስ አይልም። የመጀመሪያውን ክፍል አከፋፈት ብቻ ይውሰዱ። ኦራዱር ሱር ግላን የምትባለው የፈረንሳይ መንደር ትታያለች፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1944 የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች ከ640 በላይ ሰው የፈጁባት፣ ከዚያ ወዲህ ባዶዋን የቀረች መንደር ናት። ግድግዳዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያ የለም። ጣሪያ እንደሌለ የሚታወቀው ደግሞ ከግድግዳው በላይ ሰማዩ ሲታይ ነው። ሰማዩን ከቆረጡት የሚቀረው ያረጀ ግድግዳ ነው፤ እንዲያ ያለውማ በየሰፈሩ ሞልቷል።

«ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፊልም ምን ያደርጋል? አዲስ ጥናት የለም ወይ?» ቢባል፣ አለ። ፊልሙ ራሱ የማያውቀው ነገርም አለ፤ እንግሊዞች የጀርመንን የምስጢር መልእክት ይፈቱ እንደነበር ሕዝብ በሰፊው የሰማው ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ የአትላንቲኩ ባሕር ሰርጓጅ ጦርነት ክፍል ያንን ሳያነሣ ያልፋል። ቢሆንም አዲስ ጥናት የሒትለርን ጸሐፊ ትራውድል ዩንገን፣ የባሕር ኃይል አዛዡን አድሚራል ዶኒትዝን፣ ሚኒስትሩን አልበርት ሽፔርን ከመቃብር አስነሥቶ ሊያናግር አይችልም። እነዚህ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ተናግረዋል። ሽፔር ያለውን ሁሉ እንመን አላልኩም፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ለማለት ሲያሳምር ዓይኑንና እጁን ማየት በራሱ ትምህርት ነው፤ ለዚያም ቢሆን እጁ ከምስሉ ውስጥ መኖር አለበት።

እርስዎ ደግሞ «ማይጨው የት አለ?» ብለው እንደሚቆጡ ከወዲሁ ይታየኛል። የለም ጋሼ። ለእኛ ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ቢገቡም፣ ከ26ቱ ክፍል ለምሥራቅ አፍሪካ የተመደበ አንድም የለም። ሰሜን አፍሪካ ስለ በረሃው ጦርነት ክፍል አለው፣ በርማም አላት፤ ከጎጃም አርበኞች ጋር የነበረው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት ኋላ የተዋጋውና እ.ኤ.አ. በ1944 የሞተው በዚያው ግንባር ነው። እንግዲህ አዘጋጆቹ እኛን ከፍሬሙ ውጭ አስቀርተውናል፤ ይህ ቅሬታ የሚገባ ቅሬታ ነው። ነገር ግን ፊልሙን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ ጎደለ ያልነውን ሥራ ይባስ የተቆረጠውን እንግዛው ማለትም አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የታደሰው ምስል በቀድሞ ቅርጹ የወጣበት ብሉሬይ አለ፤ ጀርባው ላይ 4:3 ወይም 1.33:1 ካለው እሱ ነው፣ 16:9 ካለው ይቅርብን። ዲስክም እንደ እኛው ቪዛ ይጠየቃል፦ የእንግሊዝ ዲቪዲ ለቀጣና 2 የተሠራ ሲሆን ኢትዮጵያ በዲቪዲ ሕግ ቀጣና 5 ናት፤ ማጫወቻዎ የሁሉንም የሚቀበል ካልሆነ በሩ ላይ ይመልሰዋል። በብሉሬይ ግን አውሮፓና አፍሪካ ባንድ ላይ «ቢ» ተብለው ተመድበዋል፤ አውሮፓ ያለ ቪዛ የተቀበለን እዚህ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የዋሽንግተኖቹ ዘመዶቻችን «እኛ እንግዛላቸው» ካሉ ግን አመስግነው ይመልሷቸው፤ የአሜሪካው ቀጣና ሌላ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በግራና በቀኝ ጥቁር ሲያዩ አያስችላቸውም፤ ምስሉን ራሳቸው ወደ ጎን ይለጥጡታል። ልጆቹም «ስክሪኑ አልሞላም» ብለው ማነካካታቸው አይቀርም። ያኔ ረጅሙ ደ ጎል ድንክ ይሆናል፤ ቸርችል እንኳ ከዚያ በላይ የሚወፍርበት ቦታ የለውም። የምስሉን ቅርጽ 4:3 ላይ ያድርጉና ሪሞቱን ኪስዎ ይክተቱት።

አክባሪ ልጅዎ
ከለንደን